የማይመቸንን ገጽ ማን ያነበዋል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና የምትለውን ንገረኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉት ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። በመንፈስ ማደግ የሚፈልግ ሰው አንድ ቅዱስ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ የለበትም። መጽሐፍ ቅዱስን፣ ቁርኣንን፣ የሂንዱዎችን ባጋቫድ ጊታን (ባጭሩ ጊታን)፣ የቡድሃን ትምህርት ሁሉ ማየት አለበት። ከእያንዳንዱ የሚጠቅመውን ወስዶ የራሱን መንገድ ያበጃል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው አማኝ ሊሆን ይችላል፤ ማደግ ግን አያድግም።

እንድጽፍ ያደረገችኝ ይህች የመጨረሻዋ አባባል ናት። ይህን ምክር ሰምተው መንገድ የጀመሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ለስድስት ዓመት ያህል ጸሐፊው የሚመክሩትን ኑሮ ኖሬዋለሁ። ስለዚህ የምመልሰው ከሩቅ ቆሜ አይደለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ ጥፋት ነው አልልም። አነባለሁ፤ ተጠቅሜበታለሁም። የምለው ሌላ ነው። ሰውን የሚያሳድገው ያነበባቸው መጻሕፍት ብዛት አይደለም። ደስ ባይለውም የሚያነበው፣ ሲከብደውም ጥሎት የማይሄድ፣ የሚታዘዘው አንድ መጽሐፍ ሲኖረው ነው የሚያድገው። የእኔ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የምለው ነገር ግን ቁርኣን ለያዘም የአይሁድን ቶራ ለያዘም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አሁን ወደ ነጥቦቻቸው ልሂድ። ዓመታቱንና ቀኖቹን የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ማስረጃ የሃይማኖት ተመራማሪው የማክስ ሙለር አባባል ነው፦ «አንዱን ብቻ የሚያውቅ አንዱንም አያውቅም።» አባባሉ የሙለር ነው፤ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ግን ሙለር ምን ላይ ሳሉ ነው ይህን ያሉት? በ1870 ለንደን ውስጥ፣ ሃይማኖቶችን እያነጻጸረ ስለሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ንግግር ሲያደርጉ ነው። ሐሳቡን የወሰዱት ከጀርመናዊው ባለቅኔ ከጎተ ነው። ጎተ የተናገረው ስለ ቋንቋ ነበር። ሙለር ወደ ሃይማኖት ጥናት አመጡት። ትልቅ ሥራም ሠርተዋል። ከ1879 ጀምሮ የምሥራቁ ዓለም ቅዱሳት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ተተርጉመው በ50 ጥራዝ እንዲወጡ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የመጨረሻው ጥራዝ የወጣው ካረፉ በኋላ በ1910 ነው። እኔም ከዚያ ሥራ ተጠቅሜያለሁ።

ይህ ግን ስለ ሃይማኖት የማወቅ ነገር ነው። በሃይማኖት ማደግ ሌላ ነው። የአሥር ቋንቋ ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ሊቅ ነው። ልጁን የሚያባብለው ግን በአንዱ ነው።

ይህን ልዩነት ከሙስሊሙ ሊቅ ከአል-ገዛሊ በተሻለ ያሳየኝ የለም። አል-ገዛሊ በባግዳድ የታወቀ መምህር ነበር። የሥነ መለኮት ተከራካሪዎችን፣ ፈላስፎችን፣ በዘመኑ የነበሩ ሌሎች ክፍሎችንም ትምህርት አንድ በአንድ መርምሯል። በመጨረሻ ሱፊ ወደሚባሉት ሙስሊም መናንያን መጻሕፍት ዞረ። እነሱንም አንብቦ ጨረሰ። ያኔ አንድ ነገር ገባው። የቀረው ነገር በንባብ የሚገኝ አይደለም፤ በመቅመስና በመሄድ ነው። የጤናን ትርጉም ማወቅ ሌላ፣ ጤነኛ መሆን ሌላ ነው ይላል። ሐኪም ሲታመም የጤናን ትርጉም ያውቃል፤ ጤናው ግን የለውም። ስለዚህ በ1095 ወንበሩን ትቶ ከባግዳድ ወጣ። ወደ ማስተማር የተመለሰው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ብዙ ዓይነት ትምህርት የመረመረ ሰው ነው። ያ ሁሉ ምርመራ ያደረሰው ግን ደጃፉ ድረስ ብቻ ነበር። ሲገባ የገባው በአንድ በር ነው። በእስልምና፣ በቁርኣን፣ በሶላት።

ሁለተኛው ነጥባቸው የዕውሮቹና የዝሆኑ ተረት ነው። አንዱ እግሩን ዳስሶ ምሰሶ ነው አለ፤ ሌላው ጆሮውን ዳስሶ ሌላ ነገር መሰለው። ሃይማኖቶችም እንዲሁ ናቸው ይላሉ ጸሐፊው፤ እያንዳንዱ የነካው ቁራሹን ነው። ተረቱን እወደዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛ፣ ተረቱ ራሱ የመጣው ከአንድ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ኡዳና በሚባለው የቡድሃውያን መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ቡድሃ የተናገረው የየራሳቸውን አስተያየት ይዘው በቃል ስለሚቧቀሱ ሰዎች ነው። «ሁሉንም ዳስሱ» የሚል ምክር የለበትም። ሁለተኛ፣ በተረቱ ውስጥ አንድ ዓይናማ አለ። ንጉሡ። ዕውሮቹን የሰበሰበው፣ ዝሆኑንም ያቀረበላቸው እሱ ነው። «ሁላችሁም ቁራጭ ነው የነካችሁት» የሚል ሰው የቆመው ከዕውሮቹ ጋር አይደለም፤ የንጉሡ ወንበር ላይ ነው። ጸሐፊው በትሕትና የጻፉት ይመስለኛል። ግን እስኪ ይህን ወንበር ልብ ብለው ይዩት።

ሦስተኛው፣ «ሲመረመሩ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው» የሚለው ነው። ማስረጃቸው ወርቃማው ሕግ ነው። በራስህ ላይ እንዲደርስ የማትፈልገውን በሌላው ላይ አታድርግ። የቻይናው ኮንፊሽየስ ብሎታል፤ የአይሁድ መምህሩ ሂሌል ብሎታል፤ ማሃባራታ በሚባለው የሂንዱዎች መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ኢየሱስም በተራራው ስብከት «ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን ሁሉ እናንተ ደግሞ እንዲሁ አድርጉላቸው» ብሏል። እውነት ነው። እኔም ደስ ይለኛል።

ግን ይህ ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኑር ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የሰው ሕመሙ ምንድን ነው? መድኃኒቱስ? እዚህ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ጊታ ውስጥ አምላኩ ክሪሽና ለጦረኛው ለአርጁና ስለ ነፍስ ሲነግረው መሣሪያ አይቆርጣትም፣ እሳት አያቃጥላትም ይለዋል። ቡድሃ ደግሞ እንዲህ ያለች ቋሚ «እኔ» የለችም፣ «እኔ» እያልክ መያዝህ ነው ሕመምህ ይላል። ለክርስቲያን የሁሉ ነገር መካከሉ መስቀሉ ነው። ቁርኣን በአራተኛው ሱራ ዒሳ አልተሰቀለም ይላል። እነዚህ የቃላት ልዩነቶች አይደሉም። ሰዎች ሕይወታቸውን ሰጥተውባቸዋል። አንድ ቡድሃዊ መነኩሴ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ያሰላሰለውን ነገር «አንተም የምትለው እኔ የምለውን ነው» ብሎ ማለፍ ሰውየውን አለማዳመጥ ነው። ልዩነቱን ይዤ ባከብረው እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው «ከእያንዳንዱ የሚጠቅምህን ውሰድ» ይላሉ። ምክሩ ቀላል ይመስላል። እኔን ያቆሰለኝ ይኸው ነው።

በዚያ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ደብተር ነበረኝ። ወፍራም ነው። ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካውን እገለብጥበት ነበር። ከጊታ ስለ ሥራና ስለ ፍሬው፤ ዳማፓዳ ከሚባለው የቡድሃውያን መጽሐፍ ስለ ሐሳብ፤ ከቁርኣን ስለ ብርሃን የሚናገረውን አያ፤ ከሱፊው ባለቅኔ ከሩሚ ግጥም፤ ከቻይናውያኑ የታኦ መጽሐፍ ስለ ውኃ። ከተራራው ስብከትም ነበረበት። የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን ጽፌያለሁ። ማታ ማታ ደብተሩን እያነበብኩ ልቤ ይሞቃል። እያደግኩ ነው እል ነበር።

በዚያው ጊዜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተን አንነጋገርም ነበር። አራት ዓመት ሆኖን ነበር። ደብተሩ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እንዴት ይጠይቀኝ? የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ድሮም የምስማማበት ነገር ብቻ ነው።

በኋላ፣ ምክንያቱ እዚህ የማይነገር ነው፣ አንድ ወንጌል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልዘል ላነብ ወሰንኩ። ማቴዎስን ጀመርኩ። ምዕራፍ አምስት ላይ እንዲህ ይላል፦ መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን በዚያ ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ። ደብተሬን አወጣሁ። ወፎቹ አሉ። አበቦቹ አሉ። ይህ የለም። ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ያለውን ገልብጬ ይህን አልፌዋለሁ። ዓይኔ አይቶት ነበር። እጄ ግን አልጻፈውም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ዛሬ የምከራከርለት። መራጩ እኔ ከሆንኩ፣ መጻሕፍቱ አምስትም ይሁኑ አምሳ፣ የሚናገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔው ነኝ። ዳማፓዳ ውስጥ፣ ቃሉን ብዙ እየደገመ የማይኖርበት ሰው የሌላ ሰው ከብት እንደሚቆጥር እረኛ ነው የሚል አንቀጽ አለ። ያን አንቀጽ አንብቤው ነበር። እሱንም ደብተሩ ውስጥ አልከተትኩትም።

ለዚህ ነው የቀደሙት ሰዎች ንባቡን ለስሜታቸው ያልተዉት። የካቶሊኩ ቅዱስ ቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳት 150ውን መዝሙር በሳምንት እንዲዘልቁ ያዛል። አይሁድ ቶራውን በየሳምንቱ ንባብ ከፍለው በዓመት ይጨርሱታል። ቁርኣን ጁዝ በሚባሉ 30 ክፍሎች ተከፍሏል፤ በረመዳን በየቀኑ አንድ እያለ የሚያኸትመው ብዙ ነው። ለምን? ዛሬ የማነበውን ነገር የሚመርጠው ተራው ነው፤ እኔ አይደለሁም። መዝሙር 88ን ውሰዱ፤ በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር 87ኛው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው። ማጽናኛ ሳይመጣ በጨለማ ያልቃል። ደስ ብሎት የዋለ መነኩሴ ተራው ከደረሰ ይደግመዋል። የራሱ ሐዘን አይደለም፤ የሌላ የሚያለቅስ ሰው ቃል በአፉ ውስጥ ነው። በሌላ ቀን እሱ ራሱ አዝኖ ሳለ የምስጋናው መዝሙር ተራ ይመጣል። አፉ ከልቡ ቀድሞ ያመሰግናል። ከሁሉም የሚመርጥ ሰው እንዲህ ያለ ቀን አይገጥመውም። ባዘነ ቀን የሐዘን ይፈልጋል፤ በተደሰተ ቀን የደስታ። ዞሮ ዞሮ ስሜቱ ያለበት ቦታ ይቀራል።

በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኩሴ ዳግማዊ ጊጎ ደግሞ የንባብን ደረጃዎች አራት አድርጎ ጽፏል። ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ከዚያ ተመስጦ። ማንበብ ምግቡን አፍ ውስጥ ይከተዋል፤ ማሰላሰል ያኝከዋል ይላል። የደብተሬ ዘመን ንባቤ ከአፍ ያላለፈ ነበር። ሳላኝክ ሌላ እጎርሳለሁ።

ጸሐፊው በመካከል አንድ ታሪካዊ ነጥብ ያነሳሉ። ሃይማኖቶች ድሮም ሲዋዋሱ ነው የኖሩት፤ ታዲያ እኛ ብንዋዋስ ምን ነውር አለው? ይህን ሳነብ በረላምና ይዋሰፍ ትዝ አለኝ። ዓለምን ንቆ የመነነው የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። በዐረብኛ፣ በጆርጂያኛ፣ በግሪክኛ፣ በላቲን አልፎ ክርስቲያኖች ዘንድ የቅዱሳን ታሪክ ሆነ። በ1553 ደግሞ እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ስለዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ታሪክ ይጓዛል። ግን እያንዳንዱ ተቀባይ እንዴት እንደተቀበለው እንይ። ቤት ነበረው። እንግዳውን ቤቱ አስገብቶ በቤቱ ቋንቋ አናገረው። ዕንባቆም ራሳቸው ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጡ ሰው ነበሩ፤ ቁርኣንን ያውቁት ነበር፤ አንቀጸ አሚን በተባለው መጽሐፋቸውም ጠቅሰውታል። ሁለት መጽሐፍ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የኖሩት ግን በአንዱ ነው።

ቀጥሎ የታላላቅ ሰዎችን ስም ይዘረዝራሉ። ጋንዲ፣ ካቶሊኩ መነኩሴ ቶማስ መርተን፣ የሂንዱው መናኝ ራማክሪሽና። እነዚህ ሁሉ ከብዙ ምንጭ ጠጥተው ነው የደረሱት ይላሉ። ይህ የጽሑፋቸው ጠንካራ ክፍል ነው። ብዙ አንባቢም የሚረታው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጋንዲ ጊታን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው በ1889 ገደማ ለንደን ውስጥ ተማሪ ሳለ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ ትርጉም። ሁለት እንግሊዛውያን ወዳጆቹ አብረን እናንብብ ሲሉት የራሱን ሕዝብ መጽሐፍ አለማንበቡን አስቦ አፈረ። አዲስ ኪዳንንም በዚያን ጊዜ አንብቧል፤ የተራራው ስብከት ልቡ ገባ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊውን ይደግፋል። ከዚያስ? በደቡብ አፍሪካ ሳለ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን በሚያጸዳባት 15 ደቂቃ የጊታን ጥቅሶች በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ ያጠና ነበር። ከ18ቱ ምዕራፍ 13ቱን በቃሉ ያዘ። በኋላም ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ወደ ጉጃራቲ ተረጎመው። በጸሎት ስብሰባው ላይ ከቁርኣንም ከወንጌልም ይነበብ ነበር፤ አዎ። ግን ግራ ሲገባው የሚሄደው ወደ ጊታ ነበር። ቃል ሲጠፋው መዝገበ ቃላት እንደሚገልጥ ሰው ነው ራሱን የገለጸው። ይህ ከየቦታው የሚቀምስ ሰው ኑሮ አይደለም።

መርተንስ? አሜሪካ ውስጥ ኬንታኪ ያለው፣ ትራፒስት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም የገባው ታኅሣሥ 10 ቀን 1941 ነው። ዜን ስለሚባለው የቡድሃውያን መንገድ ጽፏል፤ የቻይናውን ጥንታዊ ጠቢብ ጁዋንግ ዙን አጥንቷል። በ1968 ወደ እስያ ሄዶ ከቲቤት ቡድሃውያን መሪ ከዳላይ ላማ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኘ። ባንኮክ አጠገብ ያረፈውም በዚያው ዓመት፣ እንደገና ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል 27 ዓመት አለ። በእነዚያ 27 ዓመታት በገዳሙ ሥርዓት መዝሙረ ዳዊትን እየደገመ ኖረ። ዳላይ ላማ ፊት የተቀመጠው መነኩሴ ሆኖ ነው። የሚያነጋግሩት ነገር ያገኙትም ሁለቱም የጠለቁበት ነገር ስለነበራቸው ይመስለኛል። ዳላይ ላማ ራሳቸውም ለምዕራባውያን አድማጮቻቸው ደጋግመው የሚመክሩት፣ ባደጋችሁበት ትውፊት መቆየት ይሻላል እያሉ ነው።

ራማክሪሽና ግን ይከብደኛል። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። በ1866 ገደማ በአንድ ሱፊ መሪነት የእስልምናን ጸሎት ይዞ ነበር። በኋላ ደግሞ ወደ ክርስቶስ ዞሮ አሰላስሏል። እምነቶች ሁሉ ወደ አንድ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው ብሎም አስተምሯል። በዚህ አልስማማም፤ ሰውየውን ግን አከብረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። እንዴት ነበር ያደረገው? የእስልምናን ጸሎት በያዘባቸው ቀኖች የሚኖርበትን፣ ካሊ የምትባለውን የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ እንኳ አልረገጠም። ሌላውን ሁሉ አስቀምጦ በአንዱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገባ። ሲጨርስም ወደ ካሊ ተመለሰ። አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በዚያው ቤተ መቅደስ ነው። ይህን የሚችል ሰው ስንት ነው?

ጸሐፊው ያልጠሩት አንድ ሰው እኔ ልጥራላቸው፤ ዳራ ሺኮህን። በሕንድ የነገሠው የሙጋሉ ንጉሥ የሻህ ጀሃን ልጅ ነው። በ1657 ኡፓኒሻድ ከሚባሉት የሂንዱዎች ቅዱሳት መጻሕፍት ሃምሳውን ወደ ፋርስኛ አስመለሰ። ለምን? ቁርኣን በ56ኛው ሱራ ስለ አንድ የተጠበቀ፣ የተሰወረ መጽሐፍ ይናገራል። ዳራ ይህ መጽሐፍ ምን ይሆን እያለ ሲፈልግ ኖረ። ኡፓኒሻዶችን ሲያገኝ «ይኸው» አለ። ትርጓሜውን ብዙ ሙስሊም ሊቃውንት አይቀበሉትም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከቤት ያወጣው ነገር ነው። የራሱ መጽሐፍ ጥያቄ ነው ሌላው ደጃፍ ድረስ የመራው። በ1659 በወንድሙ በአውራንግዜብ ዘመን ከሃይማኖት ወጥቷል ተብሎ ተገደለ።

የዳራ ሞት ወደሚቀጥለው ነጥብ ይወስደናል። ጸሐፊው «አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ሰው አክራሪ ይሆናል» ይላሉ። ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ልለፈው አልቻልኩም። አንድ መጽሐፍ ይዘው ደም ያፈሰሱ አሉ። በእኔም መጽሐፍ ስም ፈሷል። ይህን መካድ አልፈልግም።

ግን እስኪ የአክራሪውን ንባብ እንየው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነባል? የሚስማማውን ቁራጭ ቆርጦ ይይዛል። እንዳትስቱኝ፤ ደብተሬን ከሰይፍ ጋር እኩል አላደርግም። አመራረጡ ግን ያው ነው። በማቴዎስ አራት ፈታኙ ኢየሱስን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው ከመዝሙር ጠቅሶ ነው። በልክ ጠቅሷል። የቆረጠው ቦታ ነው ችግሩ። ኢየሱስ ምን አለ? «ደግሞ ተጽፏል» አለ። ከዘዳግም መለሰለት። የተቆረጠን ቃል ያረመው ከዚያው መጽሐፍ ነው።

ደግሞስ አንድ ቅዱስ መጽሐፍ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው ማነው? መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅ ይበለጽጋል ይላል። መጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ አመድ ላይ የተቀመጠ ጻድቅ ያሳየናል። የኢዮብ ወዳጆች የሚናገሩት እንደ ምሳሌ ነው፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ሁለቱም በአንድ ጥራዝ ውስጥ ናቸው። ታልሙድ የሚባለው የአይሁድ መምህራን መጽሐፍ የሂሌልና የሻማይ ቤቶች፣ ማለትም የሁለቱ መምህራን ተከታዮች፣ ሦስት ዓመት እንደተከራከሩ ይተርካል። በመጨረሻ ድምፅ መጣ፦ እነዚህም እነዚያም የሕያው አምላክ ቃል ናቸው፤ ሕጉ ግን እንደ ሂሌል ቤት ነው። ለምን? ትሑታን ስለነበሩ ነው። የተቃዋሚዎቻቸውን ቃል ከራሳቸው አስቀድመው ያስተምሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ልብ የተገኘው በአንድ ቶራ ላይ ሲከራከሩ ከኖሩ ሰዎች ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የትውልድ ጉዳይ ነው። «የያዝከው መጽሐፍ የተወለድክበት ቤት መጽሐፍ ነው፤ ሌላ ቤት ብትወለድ ሌላ ትይዝ ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋዬም ይኸው ሊባል ይችላል። ሌላ ቤት ብወለድ ሌላ እናገር ነበር። ይህ ግን የምናገረውን ውሸት አያደርገውም። ሰው ደግሞ ቤት ይለውጣል። አውግስጢኖስ ማኒያውያን ከሚባሉ የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ጋር ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በኋላ ነው ወደ ክርስትና የመጣው። የሕንዱ የፖለቲካ መሪ አምበድካር በ1935 ሂንዱ ሆኜ አልሞትም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከዚያ 21 ዓመት ያህል መረመረ። እስልምናን አየ፣ ክርስትናን አየ፣ የሲክን እምነት አየ። ጥቅምት 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ሰው ጋር ቡድሃዊ ሆነ። ይህ ሰው ብዙ ትውፊት መርምሯል። ምርመራው ግን ማረፊያ ነበረው። ሲያርፍም ሙሉ በሙሉ ነው ያረፈው፤ የተቀበለው መንገድ የሚጠይቀውን ቃል ገብቶ።

እየፈለጉ ላሉ ሰዎች ያለኝም ይኸው ነው። ፈልጉ። መርምሩ። አትቸኩሉ። ነገር ግን መፈለግ ራሱ መድረሻ ነው የሚላችሁን አትመኑት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዱን ስትይዙ ከነገጹ ሁሉ ያዙት። የምትወዱትንም የሚያስጨንቃችሁንም። ብቻችሁንም አይሁን፤ ዕድሜያቸውን በዚያ መጽሐፍ የኖሩ ሰዎች ካሉበት ተቀመጡ። የዘለላችሁትን ገጽ የሚያሳዩአችሁ እነሱ ናቸው። ከዚያ የጎረቤታችሁን መጽሐፍ ክፈቱ። ጎረቤታችሁ እያለ፣ በሱ አነባበብ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጨረሱት በጥያቄ ነው። «ሌላ መጽሐፍ ብትከፍት ምን ታጣለህ?» ይላሉ። ምንም አላጣም። ባለፈው ሳምንት ዳማፓዳን እንደገና ከፍቼ ነበር። ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም የሚለው አንቀጽ ላይ ቆየሁ። ድሮ ቢሆን ደብተሬ ላይ ገልብጬ ወደሚቀጥለው አልፍ ነበር። አሁን ወደ ሮሜ 12 ነው የላከኝ፤ ጠላትህ ቢራብ አብላው ወደሚለው። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ማታ ማታ በስልክ ማቴዎስን ከመጀመሪያው እያነበብን ነው፤ እሱ አንድ ምዕራፍ፣ እኔ አንድ ምዕራፍ። ምዕራፍ 18 ላይ ደርሰናል። ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ጴጥሮስ የሚጠይቅበት ነው። ተራው የእኔ ነው።